ደሴ ላይ የተበላሸው ብርድ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ቤታችሁ ውስጥ ብርድ ተበላሽቶባችሁ ያውቃል? ቴሌቪዥን ይበላሻል፣ ወጥ ይበላሻል፣ የሰው ጠባይም ይበላሻል። እኛ የተበላሸብን ግን ብርድ ነው። ያውም ደሴ ላይ! ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ በሚያረፍድበት፣ ሰው በሰኔ ሹራብ ደርቦ በሚወጣበት ከተማ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ብርድ ፍለጋ ስንንከራተት ሰነበትን። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ አንድ ነው፤ «መስኮት አትከፍቱም ነበር?»

የመስኮቱን ነገር ቆዩኝ፣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ።

አጎቴ ሙሄ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ያየውን ሁሉ የሚገዛ ሰው አይደለም፤ ሌላው ሰው አይቶ የተወውን ነው የሚገዛው። ባለፈው ዓመት ሐራጅ ሄዶ ይዟት የመጣት መኪና ከውጭ ስትታይ ሚኒባስ ትመስላለች። ስትገቡባት ግን ቤት ናት። አልጋ አላት፣ ማብሰያ አላት፣ እጅ መታጠቢያ አላት፣ ሲፈልጉ የሚዘረጋ ሳይፈልጉ የሚታጠፍ ጠረጴዛ አላት። ፈረንጆቹ «ካምፐር» ይሏታል አሉ፤ ቤታቸውን ተሸክመው ሽርሽር የሚወጡባት ናት። ሰው ሽርሽር የሚወጣው ከቤቱ ለመሸሽ መስሎኝ ነበር። የሆጤ ሰፈራችን ሰው የፈረንጅ ስሟን አልወደደውም፤ ጣሪያዋ ላይ ጉብ ያለ ትልቅ ነገር ስላላት «ባለሻኛዋ» አላት። ያ ሻኛ ነው እንግዲህ ኤሲው።

የአጎቴ ሙሄ እቅድ ቱሪስት ጭኖ ሐይቅ መመላለስ ነበር። ቱሪስቱ እስኪመጣ ድረስ እናቴ ሽንኩርት ታስቀምጥባታለች።

ነገሩ የተጀመረው አክስቴ ከዲጃ ቅዳሜ ዕለት ኮምቦልቻ ላይ ስትወልድ ነው። ከዲጃ የወለደችው ባገባች በዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚህ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ዱዓ እንደተደረገ፣ ስንት ሰው «አብሽሪ፣ አላህ ይሰጥሻል» እንዳላት ቤት ይቁጠረው። ስለዚህ ስልኩ ሲደወል እኛ ቤት ያልጮኸ የለም። እናቴ ጮኸች፣ እኔ ጮኽኩ፣ አጎቴ ሙሄ ምን እንደሆነ ሳይነገረው በፊት ጮኸ። አያቴ ብቻ ዝም አሉ። አባባ ይማም ዝም ካሉ ወይ ተቆጥተዋል፣ ወይ እንባቸውን እየዋጡ ነው። ከዲጃ የመጨረሻ ልጃቸው ናት።

ከዚያ ራሷ ከዲጃ ስልኩን ተቀብላ፣ «አባ» አለች፣ «ዓርብ ሰባተኛ ቀኗ ነው። በግ አርደን ዓቂቃ እናወጣለን። ስም የሚያወጡላት አንቱ ነዎት። አንቱ ካልመጡ ልጄ ስም የላትም።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አባባ ይማም ኮምቦልቻ አይወርዱም። ምለዋል። ለከዲጃ ሠርግ የወረዱ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁና «ወላሂ፣ እዚያ እሳት ውስጥ ዳግመኛ እግሬ አይረግጥም!» አሉ። በርግጥ ያን ዕለት ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር ካፖርት፣ ከካፖርቱ ሥር ወፍራም ሹራብ ለብሰው እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። ይህን ፊት ለፊት የሚነግራቸው ጀግና ግን እኛ ቤት እስካሁን አልተወለደም። ከዚያ ወዲህ ሽቅብ እየወጣች የምትጠይቃቸው ከዲጃ ናት። አራስ ደግሞ በሰባት ቀኗ የደሴን ብርድ ልቅመስ ብላ አትወጣም።

ልብ በሉ፣ ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለችም። የሐርጎን ቁልቁለት ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያሉ ወርዶ መግባት ነው። የደሴ ሰው ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲያወራ ብትሰሙት ግን እዚያ እንቁላል ሳይቀቀል የሚጣል አይመስላችሁም። እነሱም አይምሩንም፤ «ፍሪጅ ውስጥ የተረሳችሁ» ይሉናል።

«አባ፣ አብሽሩ» አለ አጎቴ ሙሄ፣ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ የደሴን አየር እንዳለ ይዤልዎት እወርዳለሁ። ኤሲ አለን እኮ!»

«ኤሲ ምንድን ነው?»

«ብርድ የሚያመርት ማሽን ነው።»

አባባ ይማም በመስኮቱ አሻግረው ጉሙን አዩት። «ብርድ የሚያመርት?» አሉ፣ «ለዚህ አገር?»

ሰኞ ጠዋት ሙከራ ተደረገ። ሽንኩርቱ ወረደ። ከመኪናዋ ኋላ የታሰረችው ትንሽዬ ጀነሬተር ተነሳች፤ አጎቴ ሙሄ ቁልፉን ተጫነ። ከጣሪያው በአራት ቀዳዳ ነፋስ መጣ። ቀዝቃዛ! አጨበጨብን። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «እሰይ!» አሉ። አባባ ይማም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የካፖርታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ እስከ አገጫቸው ቆለፉና፣ «በቃ ዝጋው፣ አምኛለሁ» አሉ። አጎቴ ሙሄ የዚያን ቀን እንደ ሙሽራ ነው የዋለው።

ስህተታችን ታያችሁ? ደሴ ላይ፣ በጠዋት፣ በጉም ውስጥ፣ ከየትኛውም ቀዳዳ የሚወጣ ነፋስ ቀዝቃዛ ነው። የቤታችን የቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር ኤሲ ነው። ማሽኑ ማቀዝቀዝ ትቶ ማራገብ ብቻ ከያዘ ስንት ዘመኑ፤ ግን ደሴ ላይ ይህን በምን እንወቀው? ባልዲን ወንዝ ውስጥ ነክሮ ያፈስ እንደሆነ መመርመር ማለት ይህ ነው።

ማክሰኞ እኔና አጎቴ ለአራሷ ቅቤና የገንፎ እህል ልናደርስ ወረድን። ሐርጎን እስክናጋምስ ድረስ ሁሉም ጥሩ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ለብ አለ። ጥቂት ቆይቶ ሞቀ። ኮምቦልቻ ስንገባ አናቴ ላይ ያለው ቀዳዳ እንደ ዳቦ ቤት በር ይተነፍስ ጀመር። ቅቤው ከእኛ በፊት ተረዳው፤ ቀለጠ።

«ትንሽ ጊዜ ስጪው» አለኝ አጎቴ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «ገና እየተሟሟቀ ነው።»

«አጎቴ፣ እሱ እኮ መሟሟቅ አልነበረበትም።»

የከዲጃ ባል አብዱ በር ላይ ተቀበለን። ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፣ አላህ ይይለት። አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ እጁን ቀዳዳው ላይ ዘርግቶ፣ ትንሽ አሰበና «ማሻ አላህ!» አለ። «ጸጉር ቤት ክፈትባት።»

አጎቴ ሙሄ እንደ ምንም ሳቀ።

ልጅቷን አየኋት። ምን ልበላችሁ፣ ቡጢዋን ጨብጣ የተኛች ትንሽዬ ዳኛ ናት። ከዲጃ አጠገቧ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘች። «አባ ይመጣሉ አይደል?» አለችኝ፣ እንደ ዋዛ አድርጋ። መልሴን ከሰማች በኋላም እጄን አልለቀቀችም። «ይመጣሉ» ነበር ያልኳት። ሐርጎን ሽቅብ ስንወጣ ያ ቃሌ ከቅቤው ጣሳ ይልቅ ከበደኝ። አጎቴም ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ አንዲት ቃል አልወጣውም፤ ለሱ ይህ ጾም ነው።

ቤት ስንደርስ አባባ ይማም በር ላይ ነበሩ። «እንዴት ነበር ብርዱ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ እዋሻለሁ፤ ከተጠየቅኩ አልችልም።

«ኮምቦልቻ ሲደርስ... ትንሽ ይሞቃል።»

«ብርዱ ይሞቃል?»

«ትንሽ ብቻ።»

አባባ ይማም አጎቴን አላዩትም። እኔንም አላዩኝም። «በሉ እንግዲህ፣ ስሙን በስልክ እነግራታለሁ» ብለው ገቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ከጋቢው ውስጥ የወጣውን ትንፋሽ ሰምቻለሁ። የሙቀት ጉዳይ አልነበረም።

አጎቴ ሙሄ ደፍ ላይ ተቀመጠ። «አባ፣ እስከ ሐሙስ ይሠራል። ወላሂ ይሠራል! ሲሠራ በዓይንዎ ያያሉ።»

«ሰኞም በዓይኔ አይቼ ነበር» አሉ፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ። «ከእንግዲህ የሞቀ ነገር ሲያቀዘቅዝ ካሳየኸኝ እሳፈራለሁ። የቀዘቀዘ ነገር ሲቀዘቅዝ ግን አልታይህም።»

ይህ እንግዲህ በሙግት የሚሸነፍ ነገር አይደለም። ኮምቦልቻ ወስደን እንዳናሳያቸው፣ መጀመሪያ ካልሠራ አልሳፈርም ብለዋል። ደግሞም ቤንዚን ሰልፍ ቆመን ያገኘነው ለአንድ ደርሶ መልስ ብቻ የሚበቃ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ሥራው ይህ ሆነ፦ ደሴ ላይ፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ሙቀት ፈልጎ ማቀዝቀዝ።

ረቡዕ በጠዋት ሰኞ ገበያ ሰፈር ወርደን ጋሽ ታደሰን አመጣን። ጋሽ ታደሰ ፍሪጅ ጠጋኝ ናቸው። ደሴ ውስጥ ኤሲ ጠጋኝ አታገኙም፤ የሚጠገን ኤሲ የለማ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ኤሲ ይሠራሉ?» አላቸው አጎቴ።

«ኤሲ ምንድን ነው?» አሉ፣ መፍቻቸውን ወደ ሳጥናቸው እየጨመሩ። «ፍሪጅ ማለት ነው፤ ጣሪያ ላይ ወጣና ስሙን ለወጠ። ሰውስ ከፍ ሲል ስሙን ይለውጥ የለ?»

ጋሽ ታደሰ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። መሰላሉ ላይ ሲወጡ መኪናዋም፣ መሰላሉም፣ አጎቴም አንድ ላይ አቃሰቱ። የሻኛውን ክዳን ሲከፍቱት አንድ የወፍ ጎጆ፣ አንድ የልጅ ካልሲና የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሻይ ማንኪያ ወጣ። እናቴ ማንኪያውን ተቀብላ «የኔ ነው» አለች። እስካሁን እዚያ እንዴት እንደወጣ አልነገረችንም።

ከዚያ ጋሽ ታደሰ አንዲት ያበጠች ቆርቆሮ መዝዘው ወደ ሰማይ ከፍ አደረጓት። «ይኸውላችሁ! ካፓሲተሩ አብጧል! ይቺ ናት ኮምፕሬሰሩን፣ ብርድ የሚሠራውን ሞተር፣ የምትቀሰቅሰው። እሷ ከሞተች ማራገቢያው ብቻውን ይፎክራል፤ ጦር ሜዳ የሚወርድ ግን የለም።»

አዲስ ካፓሲተር ገባ። ጀነሬተሯ ተነሳች። ሁላችንም አንገታችንን ወደ ላይ አንጋጠን ጠበቅን። ማራገቢያው ፎከረ። ኮምፕሬሰሩ ዝም።

ጋሽ ታደሰ ፈቱት፣ ገጠሙት። ዝም። ፈቱት፣ ነፉት፣ ገጠሙት። ዝም። በሦስተኛው ላይ አማተቡና ገጠሙት። እሱም አልሆነም። አጎቴ ሙሄ ከታች ሆኖ «ያ አላህ» ይላል፣ ጋሽ ታደሰ ከላይ ሆነው «አንተ መድኃኔዓለም» ይላሉ፤ ማሽኑ ለሁለቱም አልመለሰም። በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ ሻኛው አጠገብ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ። ትከሻቸው ወርዷል። «እኔ ታደሰ» አሉ ለራሳቸው፣ «ስንት ሬሳ ፍሪጅ ያስነሳሁ ሰው፣ በዚህ ላዋረድ?»

አሳዘኑኝ። ሻይ ይዤላቸው መሰላሉን ወጣሁ። ወሬ ማስቀየሪያ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምንም አስቤ አይደለም፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ቤታችን ያለው ፍሪጅ አንዳንዴ ለምንድን ነው ዝም የሚለው?» አልኳቸው።

«እያረፈ ነዋ። ቴርሞስታት የምትባል ዘበኛ አለችው። ሙቀት ስታይ ትቀሰቅሰዋለች፤ ብርድ ካየች ይተኛ ብላ ትተወዋለች።»

«ይሄኛውም ዘበኛ አለችው?»

«እንዴታ!»

«ታዲያ ደሴን ስታይ ምን ይታያታል?»

ብርጭቆው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ጋሽ ታደሰ ጦሳን አዩት። ጉሙን አዩት። በአፋቸው የሚወጣውን የራሳቸውን እንፋሎት አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ምንድን ነው ሥራው?»

«አስተማሪ ነው።»

«ሰላም በይልኝ።»

ከዚህ ጋር ምን እንዳገናኘው አላውቅም፤ ግን መሰላሉን የወረድኩት በእግሬ አይመስለኝም፣ በረርኩ።

ሐሙስ ስለዚህ የማሞቅ ቀን ሆነ። በመጀመሪያ የኔን የጸጉር ማድረቂያ አመጣሁ፤ መብራት የለም። ከጀነሬተሯ ላይ ስንሰካው ኤሲውንም ማድረቂያውንም አልሸከም ብላ ተንተባተበችና ጠፋች። ቀጥሎ እናቴ ሁለት ትልልቅ ድስት ሙሉ የፈላ ውኃ አስገባች። እንፋሎቱ ወጥቶ መስታወት ላይ አለቀሰ፤ ውኃውም ከኛ ተስፋ ቀድሞ በረደ። አጎቴ ሙሄ ከሰል እናስገባ ሲል ጋሽ ታደሰ ጮኹበት። «ከሰል በተዘጋ ቤት? ስም ሊያወጡ የሚሄዱትን ሰው ጀናዛ ልታደርጋቸው ነው?»

ይህን ሁሉ እትዬ ዘውዴ በአጥሩ ላይ ሆነው ሲከታተሉ ነበር። እትዬ ዘውዴ አንድን ነገር ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አይተው አያውቁም።

«ምን ትደክማላችሁ?» አሉ። «ሰው አስገቡበት! ከሰው በላይ ምን ይሞቃል? እኔ እዚሁ ፒያሳ ለመድረስ ሚኒባስ ውስጥ ላብ በላብ ሆኜ አይደል የምወርደው!»

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን አጨበጨቡ። ሰፈሩ ተጠራ። የመጡት እትዬ ዘውዴን ጨምሮ አሥራ አራት ናቸው። ወደ ውስጥ ገብተው አልጋው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አንዱም እጅ መታጠቢያው ላይ ተቀመጡ። አባባ ይማም ካፖርታቸውን ለብሰው መሐል ላይ እንደ ዳኛ ተሰየሙ።

አሁን የመስኮቱ ነገር ደረሰ። ደሴ ላይ መስኮት ክፈቱ ብላችሁ ሰው መለመን ትችላላችሁ፤ ዝጉ ብላችሁ መለመን ግን አያስፈልጋችሁም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ከነዶሮው ታፍኖ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ሾፌሩ ፊቱን እያበሰ፣ አንዲት መስኮት ጣት የምታህል ብትከፈት ከመጨረሻው ወንበር «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ያስመታናል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ገና አጎቴ አፉን ሳይከፍት አምስቱም መስኮት ተዘጋ። አንዷ እንዲያውም በሻርፕ ተወተፈች።

ጋሽ ታደሰ ከላይ ጣሪያውን አንኳኩ። «ሞቀ?»

«ገና!»

«ታዲያ አውሩ! ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አያሞቅም!»

ወሬ ተጀመረ። ወሬው ወዲያው ወደ ልጅቷ ስም ሄደ። አንዷ ረውዳ ትባል አለች። ሌላዋ ረውዳማ በየቤቱ ሞልቷል፣ ኢክራም ነው የሚያምረው አለች። እጅ መታጠቢያው ላይ ያለው ሰውዬ የናቱን ስም አቀረበ። እትዬ ዘውዴ «ሰላም በሏት፣ ለሁላችንም ይሆናል» አሉ። «የናንተ ልጅ ናት እንዴ?» ተባሉ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለከዲጃ ስዕለት የተሳልኩት እኔ አይደለሁም? ባይሆን ሩቧ ትደርሰኛለች!» ሳቅ፣ ጩኸት፣ ግፊያ ሆነ። ግድግዳው አላበው። ሰዉም አላበው። በመጨረሻ አባባ ይማም ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ጎሰሙና፣

«ስሙን የማወጣላት እኔ ነኝ!» ብለው አገሱ።

ጠቅ!

 ከጣሪያው ላይ እንደ ትልቅ በሬ ማጉረምረም የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ታደሰ እዚያው ላይ ሆነው በእልልታ አቀለጡት። ወንድ ሰው እልል ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸው እስከ ዛሬ ሙቀቱ ነው የቀሰቀሰው ይላሉ። እኔ ግን ማሽኑ በአባባ ይማም ድምፅ ደንግጦ ነው ባይ ነኝ።

ቅዝቃዜው መጣ። የእውነት ቅዝቃዜ። አባባ ይማም እጃቸውን ወደ ቀዳዳው ዘረጉ፤ ግንባራቸው ላይ የነበረው ላብ ሲደርቅ በዓይኔ አየሁ። «አሁን አየሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ነገ ከጁምዓ በኋላ እንወርዳለን።» ወዲያው ከአሥራ አራቱ አፍ «ዝጉት እንጂ፣ ብርድ ያስመታናል!» የሚል ጩኸት ስለወጣ አጎቴ ሙሄ አጠፋው።

አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር። ለሙቀት የተጠራ ሰው ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል ብለን ነበር። ዓርብ ከሶላት ስንመለስ አሥራ አራቱም መኪናዋ ውስጥ በየቦታቸው ነበሩ።

«ምንድን ነው?» አለ አጎቴ ሙሄ።

«እኛ ባንኖር ይሠራ ነበር?» አለ የእጅ መታጠቢያው ሰውዬ።

«ለማሞቅ ጠርታችሁን ለዓቂቃው ልትተዉን?» አለች ሌላዋ፣ ቅል የመሰለ የወተት ዕቃ ታቅፋ።

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሽሯቸውን በፔስታል ይዘው፣ የአልጋው ጫፍ ላይ ናቸው። «እኔስ ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጾም ላይ ነኝ፣ የናንተን ሥጋ አልመኝ» አሉ። «ለሙቀት ብቻ ነው የምመጣው።»

ምን ይባላል? አጎቴ ሙሄ አባባ ይማምን መሐል አስቀመጠ፣ እኔን ጋቢና ጫነኝ፣ ቢስሚላህ ብሎ ተነሳ።

ሐርጎን እየወረድን ሳለ፣ ሦስተኛው ይሁን አራተኛው መጠምዘዣ ላይ፣ ማሽኑ ማንም ሳይጮህበት በራሱ ጠቅ አለ። አጎቴ ሙሄ ፊቱ በራ። በመስታወት ወደ ኋላ እያየ «እንዴት ነው? ደሴ ናችሁ አይደል?» ይላል። መጀመሪያ «ማሻ አላህ» ነበር የሚመጣው መልስ። ቀጥሎ ማጉረምረም። ቀጥሎ ኮሽታ። ቀጥሎ ዝምታ።

ኮምቦልቻ መግቢያው ላይ አጎቴ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አየሩን ዳሰሰ። ፊቱ ጠፋ። «ሞቀ» አለኝ በሹክሹክታ። «ወላሂ ሞቀ። ሞተብኝ።» እነ አብዱ ሰፈር ቅያስ ውስጥ እንደገባን መኪናዋን አቁሞ፣ ጀነሬተሯን አጥፍቶ፣ መፍቻ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። የሰፈሩ ሰው ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ። አንዱ «የደሴ ሰው ሙቀት ሊጠግን መጣ!» ሲል ሰማሁት።

ወደ ኋላ ዞርኩ። አባባ ይማም ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። «ሙሄ!» አሉ፣ «አዙር! መልሰኝ! እዚህ ልወድቅ አልመጣሁም!»

 የከዲጃ እጅ ትዝ አለኝ። በሯ እኮ እዚያው ናት! ከአጥሩ ወዲያ! ምን እንደምል ሳላውቅ ወደ ኋላ ተሻግሬ ገባሁ። ማሽኑን ልለምነው ይሁን ልቆጣው አላውቅም፣ ቀና ብዬ ቀዳዳዎቹን አየኋቸው።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ውስጥ የእትዬ ዘውዴ ነጠላ ጫፍ ተወትፏል። ሁለተኛው ውስጥ ፔስታል። ሦስተኛው ውስጥ ካልሲ፤ የእጅ መታጠቢያው ሰውዬ አንድ እግሩን ከሥር ደበቀ። አራተኛው በአባባ ይማም አናት ትክክል ነው። እሱ ውስጥ ተጨምድዶ የገባው ነጭ ቆብ ነው። የሶላት ቆብ።

ዓይኔን ዝቅ አደረግኩ። የአባባ ይማም ራስ ራቁቱን ነው።

«አባባ» አልኩ፣ «ቆብዎ የት ሄደ?»

 አባባ ይማም ወደ መስኮቱ ዞሩ። እንደ ልጅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማጅራቴን ሲመታኝ ምን ላድርግ?» አሉ።

የሳቀ ሰው የለም። ልንስቅ ነበር፣ ግን ጀነሬተሯ ስለጠፋች ቅያሱ ጭር ብሏል፤ በዚያ ጭርታ ውስጥ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ቀጭን ለቅሶ መጣ። ገና ለቅሶ በመልመድ ላይ ያለ ሰው ለቅሶ ነው፤ ይጀምራል፣ ይረሳዋል፣ እንደገና ይጀምራል።

አባባ ይማም ከዘራቸውን ላላ አደረጉ። «እሷ ናት?» አሉ።

«እሷ ናት።»

ተነሱ። ጣሪያው አጭር ስለሆነ ጎንበስ ብለው፣ በጉልበቶች መሐል አልፈው፣ ወረዱ። ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ማን ያዛቸው ብትሉ ማንም። አሥራ አራቱ ተከትለዋቸው ወረዱ።

«አባ! ቆዩ እንጂ!» አለ አጎቴ ሙሄ ከጣሪያው ላይ። «አሁን ላስነሳው ነው! አንዲት ብሎን ናት የቀረችኝ!»

«አጎቴ፣ ውረድ» አልኩት። «ማሽኑ ጤነኛ ነው። ተሳፋሪዎቹ ናቸው።»

ከዲጃ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አባቷ በበሩ ሲገቡ «አባ!» ብላ ልጅቷን ዘረጋችላቸው። አባባ ይማም ልጅቷን ተቀበሏት። ሙቀት የሚባል ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ መኖሩን ከሳቸው በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ላቡ በጺማቸው ላይ ይወርዳል፣ እሳቸው አያብሱትም። ረጅም ጊዜ ካዩዋት በኋላ በጆሮዋ አንድ ነገር አሉ። ከዚያ ለኛ፣ «ዘምዘም ናት» አሉን፣ እንደ መካዋ የተባረከች ምንጭ።

«ቶሎ ውኃ ስጧቸው፣ ጠምቷቸዋል!» አለ አብዱ። አልኳችሁ እኮ፣ ቀልድ ይወዳል።

ዱዓው ሲደረግ ከሁሉ አስበልጠው «አሚን» ያሉት እትዬ ዘውዴ ናቸው። በኋላ አባባ ይማምን ለብቻቸው ሳገኛቸው «መሐላውስ?» አልኳቸው። «ድሃ አበላበታለሁ» አሉኝ። «አላህ መውጫ ሳያበጅ የሚዘጋው በር የለም። አሁን ልጅቷን አቀብይኝ።»

ማምሻውን ሰው ሁሉ ሲሳፈር አባባ ይማም አልተነሱም። ነገ አሉ። ነገም ነገ አሉ። እነሆ ሁለተኛው ሳምንት ሆነ። አጎቴ ሙሄ ሊያመጣቸው ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ባዶውን ተመልሷል። «በዚያች መኪና?» ይላሉ አሉ፣ ዘምዘምን ጉልበታቸው ላይ እያስተኙ። «ያን ሁሉ ብርድ? እኔ ሽማግሌ ሰው ነኝ!» ከዲጃ ስልኩን ትወስድና «አባ ደህና ናቸው» ትለናለች። ድምፅዋ እየሳቀ ነው።

ትናንት ደግሞ ራሳቸው ደወሉ። «ሙሄ፣ መኪናዋ መቼም ባዶዋን ከምትመላለስ» አሉ፣ «አልጋዬን ጭነህ አምጣልኝ። ይሄኛው ለጎኔ አልተመቸኝም።»

ዛሬ ጠዋት ጫንነው። እናቴ አልጋው የነበረበትን ባዶ ቦታ ጠረገችና ሽንኩርቷን ደረደረችበት። እኔም አብሬ ወረድኩ። አልጋው መሐል ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሐርጎ ላይ ማሽኑ ጠቅ ሲል አጎቴ ሙሄ በመስታወት ወደ ኋላ አየው። አራቱም ቀዳዳ ክፍት ነው፤ ቅዝቃዜው በነፃነት ይወርዳል።

እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ዝጉት ያለን የለም።